ወፍራም ሰው ከከባድ የሳንባ መድከም በተሻለ ይተርፋል የሚባለው እውነት ነው?

ታናሽ እህት፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ታላቅ ወንድሜ የሳንባ ምች ጠንቶበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቷል። ኤአርዲኤስ ነው (ሳንባው በብግነት በፈሳሽ ተሞልቶ ኦክስጅን ማስገባት የሚያቅተው በሽታ)፣ ያውም ከባዱ ደረጃ ነው አሉን። አስተኝተውት በቱቦና በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 120 ኪሎ አካባቢ ነው። ከሐኪሞቹ አንዱ «ክብደቱ ነገሩን ያከብደዋል» ሲሉን ሐሞታችን ፈሰሰ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ «በዚህ በሽታ ወፍራሞች ከቀጭኖች ይልቅ ይተርፋሉ» የሚል አገኘሁ። የትኛውን ልመን?

ሌላም አለኝ። ማሽኑ ላይ እንዳየሁት በየትንፋሹ የሚሰጡት አየር 400 ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህን ለሚያህል ሰው እንዴት ይበቃዋል? ደሙን ከሰውነት አውጥቶ ኦክስጅን የሚሰጠው ኤክሞ የሚባለው ማሽን ካስፈለገስ በክብደቱ የተነሣ አይሆንም ይሉን ይሆን? የምታውቁ ንገሩኝ፤ ማባበል አልፈልግም።

የሌሊት ተረኛ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። ስለ አየሩ እኔ ልመልስልሽ፤ የቀረውን ለሐኪሞቹ እተዋለሁ።

አላነሰም። ሰው ሲወፍር ሆዱ፣ ክንዱ፣ አንገቱ ይጨምራል እንጂ ሳንባው አብሮ አያድግም። የሳንባን ስፋት የሚወስኑት በዋናነት ቁመትና ፆታ ናቸው። ስለዚህ ለማሽኑ የምንሰጠው ሚዛን ላይ የወጣውን ኪሎ ሳይሆን ከቁመት የሚሰላውን ነው። ለወንድ፣ ከቁመቱ ላይ 152.4 ትቀንሻለሽ፣ የቀረውን በ0.91 ታባዣለሽ፣ 50 ትደምሪበታለሽ። ለሴት የሚደመረው 45.5 ነው። የወንድምሽ 66 ኪሎ ይመጣል፤ በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር ሲሰጠው 396። ያየሽው ቁጥር ይኸው ነው።

በ120ው ኪሎ ቢሰላ ኖሮ 720 ሚሊ ሊትር ይገባበት ነበር። ለሳንባው በኪሎ 11 ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። ይህ ምን እንደሚያደርግ በ2000 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣው የአሜሪካ ጥናት በ861 ሕሙማን ላይ አሳይቷል፤ በኪሎ 12 ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሲሞቱ፣ 6 ከተሰጣቸው የሞቱት 31 በመቶ ናቸው። በዚህ በሽታ ብዙው የሳንባ ክፍል በፈሳሽ ይሞላል ወይም ይከደናል፤ አየር የሚቀበለው የተረፈው ጥቂቱ ነው። ብዙ ሲነፋበት ያው ደህናው ይጎዳል።

በነገራችን ላይ በዓይን ግምት ከሁሉ በላይ የሚበደሉት አጠር ያሉ ወፍራም ሴቶች ናቸው። 155 ሴንቲ ሜትር፣ 95 ኪሎ ለሆነች ሴት በኪሎ 6 ሲሰላ የሚወጣው 287 ሚሊ ሊትር ነው። ሰውነቷን ዓይተው 500 የሚሞሉላት አይጠፉም።

ለመሆኑ 170 ያልሽውን ማን ለካው?

ታናሽ እህት፦
መታወቂያው ላይ ያለው ነው። እዚህ የለካው አላየሁም።

የሌሊት ተረኛ፦
እንግዲያው በሜትር ይለካልን በያቸው። ሰው ተኝቶም ይለካል፣ ከአናቱ እስከ ተረከዙ። የ5 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ስሌቱ ውስጥ ሲገባ 4.5 ኪሎ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ 27 ሚሊ ሊትር ነው። ማሽኑ በደቂቃ 25 ጊዜ ቢያስተነፍሰው በቀን 36 ሺህ ትንፋሽ ነውና አትናቂው።

ጠርጣሪው፦
ስለ አየሩ ገባኝ። ታዲያ ኪሎው ስሌቱ ውስጥ ከሌለ ሐኪሙ «ያከብደዋል» ያሉት ምኑን ነው? ነርሶቹ ለማገላበጥ እንዳይቸገሩ ነው?

ውስጥ ደዌ፦
ማገላበጡም አለበት፣ ግን ዋናው እሱ አይደለም።

ከባድ ሰው በጀርባው ሲተኛ ሆዱ ድያፍራሙን (ደረትንና ሆድን የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ደረት ይገፋዋል። ወደ ጀርባ ያሉት የሳንባ ክፍሎች ተጨፍልቀው አየር አልባ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ሰው ጤነኛ ሳለም እንኳ አየር አውጥቶ ሲጨርስ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው መጠባበቂያ ትንሽ ነው። ቱቦ በሚገባበት ቅጽበት ኦክስጅኑ ቶሎ የሚያሽቆለቁለው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ኤአርዲኤስ ሲጨመርበት አስቢው።

ስለዚህ ትንፋሹ ወጥቶ ሲያልቅ ማሽኑ ሳንባው ውስጥ የሚተወውን ግፊት (ፒፕ የምንለውን) ብዙ ጊዜ ለእነዚህ ሕሙማን ከፍ እናደርገዋለን፤ አለበለዚያ የተከፈተው መልሶ ይከደናል። ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ሳንባ እንዳይጎዳ የምንጠብቀው ሌላ ግፊት አለ፣ አየሩ ገብቶ ሳለ የሚለካ፣ ፕላቶ ይባላል፤ ከ30 ሴንቲ ሜትር ውሃ እንዳያልፍ እንጥራለን። ነገር ግን ሳንባውን የሚለጥጠው በውስጡና በዙሪያው ባለው ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በወፍራም ሰው የደረቱና የሆዱ ክብደት የዙሪያውን ግፊት ያሳድገዋል። ፕላቶው 32 ሆኖ ሳንባው ግን ከመጠን በላይ ያልተለጠጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት አንዳንድ ቦታ የምግብ ቧንቧው ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ይለካሉ። ለሁሉም በሽተኛ ይደረግ ወይ ለሚለው ግን በ200 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2019 የወጣው ውጤት የሞት ልዩነት አላሳየም። እኔ በበኩሌ በጣም ወፍራም ለሆነ ሰው ዛሬም እመርጠዋለሁ፤ ፍርዱ የኔ ነው፣ መመሪያ አይደለም።

ማባበል አልፈልግም ስላልሽ ልንገርሽ። «ከባድ» የሚባለው የደም ኦክስጅን ግፊት ለሚሰጠው የኦክስጅን ድርሻ ሲካፈል 100 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በ50 አገሮች ተካሂዶ በ2016 የወጣው ጥናት፣ እዚህ ደረጃ ከደረሱት 46 በመቶው ከሆስፒታል ሳይወጡ መሞታቸውን መዝግቧል። ከግማሽ በላይ ተርፈዋል ማለትም ነው። በነዚህ ሕሙማን ላይ ሞትን እንደሚቀንስ በግልጽ ከታየው አንዱ ደግሞ በሆድ ማስተኛት ነው።

ታናሽ እህት፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። በሆዱ እናስተኛዋለን ብለውናል። በዚያ ሆድ ላይ? አይጨፈለቅም?

የሌሊት ተረኛ፦
ይህን ሁሉም ቤተሰብ ይጠይቃል።

ደረቱና ዳሌው ሥር ትራስ ሲገባ ሆዱ በመካከል እንዲላላ ይደረጋል። ያኔ ድያፍራሙ ከጫናው ይገላገላል፤ በጀርባ በኩል ተከድኖ የቆየው ሳንባ ይከፈታል። እንዲያውም በአንድ አነስተኛ ጥናት በጣም ወፍራም የሆኑት ሕሙማን በሆዳቸው ሲተኙ ኦክስጅናቸው ከሌሎቹ የበለጠ ተሻሽሏል። በ2013 በወጣው የፈረንሳዮቹ ጥናት ሕሙማኑ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 16 ሰዓት በሆዳቸው እንዲተኙ ተደርጎ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 16 በመቶ ነበሩ። በጀርባቸው ከቆዩት 32.8 በመቶ ሞተዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። አገላባጭ ሰው ብዙ ይፈልጋል፤ አንዱ የበሽተኛውን ጭንቅላትና ቱቦውን ብቻ ይዞ ይቆማል፣ ሌላ ነገር አይነካም። ፊቱ ሊያብጥ፣ ግንባሩና አገጩ ሊቆስል ይችላል፤ ከባድ ሰው ላይ የአልጋ ቁስል ይፈጥናል። ክንዱ በመጥፎ አቅጣጫ ከቆየ ነርቩ ይጎዳል። ስትገቢ ፊቱ አብጦ ብታዪው አትደንግጪ፣ ሲገለበጥ ይሟሽሻል። ዓይኑ መሸፈኑን፣ ጭንቅላቱና ክንዱ በየተወሰነ ሰዓት መዞሩን ግን ጠይቂ፤ ማንም አይቀየምሽም።

ቁጥር አፍቃሪ፦
ወደ ርእሱ ልመልሳችሁ። ስታቲስቲክስ ነው ሙያዬ፣ ሐኪም አይደለሁም።

ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የብዙ ጥናቶችን ውጤት የደመሩ ትንተናዎች ቢኤምአያቸው (ኪሎ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል) ከ30 በላይ የሆኑ የኤአርዲኤስ ሕሙማን ከመካከለኞቹ ያነሰ የሞት መጠን እንዳላቸው፣ የባሰው ደግሞ ከ18.5 በታች የሆኑት ዕጣ እንደሆነ አግኝተዋል። «የውፍረት እንቆቅልሽ» ይሉታል። እኔ አብዛኛው የአቆጣጠር ጣጣ ነው ባይ ነኝ።

ወደ መተንፈሻ ማሽን የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ እንበል። አንዱ ሳንባው ራሱ ክፉኛ ሲጎዳ ነው። ሌላው ጉዳቱ መካከለኛ ሆኖ ክብደቱ ሲያግዘው ነው። ቀጭኑ በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ወፍራሙ በሁለቱም። ማሽን ላይ ያሉትን ብቻ ሰብስበን ስናወዳድር፣ ከወፍራሞቹ መካከል ሳንባቸው ቀለል ያለ ጉዳት ያገኘው ብዙ ስለሆኑ የተሻለ ቢተርፉ ምን ይገርማል? ዶክተሩ ራሳቸው ነገሩን ተናግረውታል፤ በሆድ የተጨፈለቀ ሳንባ ኦክስጅኑን ያወርደዋል፣ ራጅ ላይም ይነጣል። ያ ሁሉ የኤአርዲኤስን መስፈርት ያሟላል፤ ግን በፒፕና በአተኛኘት የሚከፈት ነው።

ሁለተኛው ከቀጭኖቹ በኩል ነው። ሰው ቢኤምአዩ 17 የሚሆነው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ታሞ ነው፤ በካንሰር፣ በሥር የሰደደ በሽታ፣ በረጅም ጊዜ የምግብ እጥረት። ሳንባው ሳይነካ በፊት ያለቀ ሰው ነው። ቅጥነቱ ገደለው ይባላል እንጂ ያቀጠነው ነው የገደለው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ክብደቱ መቼ እንደተለካ አለመጻፉ ነው። በ2006 የታተመ፣ 1,000 ሕሙማን የነበሩበት የፈሳሽ አሰጣጥ ጥናት አለ። በልግስና ፈሳሽ የተሰጣቸው በ7 ቀን ውስጥ በአማካይ ወደ 7 ሊትር አከማችተዋል፤ በቁጠባ የተያዙት ምንም አላከማቹም ማለት ይቻላል። 7 ሊትር 7 ኪሎ ነው። 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ የ82 ኪሎ ሰው ቢኤምአዩ 28 ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ፈሳሽ ገብቶበት ከተመዘነ 89 ኪሎ ሆኖ «ወፍራም» ከሚባሉት ጋር ይመዘገባል። ሰውየው አንድ ግራም ስብ አልጨመረም እኮ!

ውስጥ ደዌ፦
ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ሁሉም የአቆጣጠር ጣጣ ነው የሚለውን ግን አልውጠውም።

በ2023 የወጣውን የብዙ ማዕከላት ጥናት እይ። ከባድ ኤአርዲኤስ ይዟቸው ኤክሞ ላይ የዋሉ 790 ሕሙማን ናቸው። እዚህ የደረሰ ሰው ሳንባው በፒፕና በማገላበጥ አልከፈት ያለ ነውና የ«ቀለል ያለ ጉዳት» ክርክርህ ይዳከማል። ከወፍራሞቹ ጽኑ ክፍል ውስጥ የሞቱት ሩብ ገደማ ሲሆኑ ከሌሎቹ ከሲሶ በላይ ሞተዋል። ዕድሜና መሰል ነገሮች ተስተካክለውም ልዩነቱ ቆይቷል። ለምን? የስብ ክምችት ለረጅም ረሃብ ስንቅ ይሆናል የሚሉ አሉ። ሥር የሰደደ ቀላል ብግነት ሰውነትን ለትልቁ ብግነት አለማምዶት ይሆናል የሚሉም አሉ። መላ ምቶች ናቸው።

ቁጥር አፍቃሪ፦
ኤክሞ ላይ የሚወጣው በሐኪም ተመርጦ ነው። ወፍራም ሰው ሲመጣ የሚያመነቱ ሐኪሞች፣ ወጣቱንና ሌላ በሽታ የሌለበትን ብቻ መርጠው ቢያስገቡስ? ያንን የሚያስተካክል ቀመር የለኝም፣ እነሱም የላቸውም።

ውስጥ ደዌ፦
ይሁን፣ እዚህ ላይ አንለያይም። አንድ ነገር ግን አንባቢ እንዳያምታታ፦ ወፍራም ሰው ኤአርዲኤስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም በኮቪድም ውፍረት ሆስፒታል የመግባትንና ቱቦ የማስፈለግን ዕድል ጨምሯል። «ማሽን ላይ የመድረስ ዕድሉ ስንት ነው» እና «ከደረሰ በኋላ የመትረፍ ዕድሉ ስንት ነው» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጠርጣሪው፦
እኔ እኮ አመጋገቤን ልተው ነበር። ተረፍኩ 😄

ባለ ኤክሞው፦
የኤክሞው ጥያቄ ሳይመለስ ተዘለለ። እኔ ማሽኑ ላይ ነው የምሠራው።

ደሙን ከትልቅ ደም ሥር እንስባለን፣ በሰው ሠራሽ ሳንባ ውስጥ ያልፋል፣ ኦክስጅን ይዞ ይመለሳል። ትልቅ ሰውነት ብዙ ደም ይፈልጋል። እኛ የምናዞረው ደም ልቡ ከሚረጨው 60 በመቶ ያህል ካልደረሰ ኦክስጅኑን ከፍ አድርጎ ማቆየት ይቸግራል። ለከባድ ሰው ወፈር ያለ ቱቦ፣ አንዳንዴም ሁለተኛ መሳቢያ ያስፈልጋል። ብሽሽቱ ጥልቅ ስለሆነ ያለ አልትራሳውንድ አንሞክረውም። ከባድ ነው እንጂ የማይቻል አይደለም፤ የለመዱ ማዕከሎች በየጊዜው ያደርጉታል።

ቀድሞ ቢኤምአዩ ከ40 ካለፈ ብዙዎች ያመነቱ ነበር፤ የወንድምሽ 41.5 ነው። በ2018 የወጣው፣ 249 ሕሙማን የነበሩበት ጥናትም ከ45 በላይ የሆኑትን አላስገባም። (በዚያ ጥናት በ60 ቀን የሞቱት በኤክሞ 35፣ ያለ ኤክሞ 46 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ለጥቂት ሳያልፍ ቀረ። ባለ ቁጥሩ ወንድማችን እዚህ ላይ ሌላ ክር ይከፍት ይሆናል።) ዛሬ ክብደት ብቻውን የእምቢታ ምክንያት መሆኑ እየቀረ ነው። ማን ይተርፋል ብለን ለመገመት የምንጠቀምበት፣ በ2014 የተዘጋጀው የነጥብ ሰንጠረዥ ዕድሜን፣ ማሽን ላይ የቆየበትን ጊዜ፣ የበሽታውን መነሻ፣ የመከላከል አቅሙን ይጠይቃል። ኪሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከኪሎው ይልቅ ቀኑ ያሳስብሽ። በከፍተኛ ግፊት ማሽን ላይ ከሳምንት በላይ ከቆየ በኋላ የሚጠራን ሰው ብዙ አናግዘውም። ኤክሞ ወዳለበት ማዕከል መደወል ይኖርባቸው እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ መደወል ማለት መሄድ ማለት አይደለም።

የአባቴ ልጅ፦
ክሩን ልጥለፍ መሰለኝ፣ ይቅርታ። አባቴ በማጨስ የመጣ የቆየ የሳንባ በሽታ አለበት፤ በየጊዜው ይከሳል። ሐኪሙ «ወፈር በል» ይለዋል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ውስጥ ደዌ፦
በሽታው ሌላ ነው፣ ሐኪሙ ግን ልክ ነው። በዚያ በሽታ መክሳት መጥፎ ምልክት መሆኑ ከኤአርዲኤሱ ይልቅ የጠራ ነው፤ በ2004 የወጣው የታወቀ መለኪያ ቢኤምአዩ 21 ወይም በታች ለሆነ ሰው የአደጋ ነጥብ ይጨምርበታል። ጡንቻ እንዲያተርፍ እንጂ ሆድ እንዲያወጣ አይደለም። የሳንባ ማገገሚያ እንቅስቃሴ ካለ አስጀምሩት፤ ሌላውን በራሱ ክር እንነጋገር።

ታናሽ እህት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ቁመቱን ለኩት፣ 166 ሆኖ ተገኘ፤ አየሩን ወደ 375 አውርደውታል። በሆዱም ተኝቷል፣ ኦክስጅኑ ትንሽ ቀና ብሏል። ኤክሞውንም ጠየቅኩ፣ ለማዕከሉ ደውለዋል፤ ለጊዜው ይጠበቅ ተብሏል። አንድ ነገር ልጨምር፤ እናቴ «በዚሁ ቢከሳ እኮ ለሱ ጥሩ ነው» ትላለች። እውነት ነው?

ፊዚዮ፦
እናትሽን በትሕትና «አይደለም» በያት።

ጽኑ ክፍል ውስጥ ሰው ሲከሳ ቀድሞ የሚሄደው ስቡ ሳይሆን ጡንቻው ነው። በአልትራሳውንድ የጭን ጡንቻን እየለኩ የተከታተሉ ሰዎች በ2013 ባወጡት ጥናት የጡንቻው ስፋት በ10ኛው ቀን ወደ 18 በመቶ ቀንሶ ነበር። ድያፍራምም ጡንቻ ነው፤ ከማሽን ለመላቀቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወፍራም ሰው ላይ ይህ ጥፋት አይታይም፤ ስቡ ይሸፍነዋል፣ ከመጀመሪያ የገባው ፈሳሽም ሚዛኑን ከፍ አድርጎ ያቆየዋል። «ምግብማ አለው፣ ከራሱ ይብላ» የሚል አስተሳሰብ ባለሙያውም ዘንድ አለ፤ እኔ በጣም እቃወመዋለሁ።

ያም ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን አጥግቡት ማለቴ አይደለም። በ1,000 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2012 የወጣው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ቀናት በቱቦ ጥቂት መስጠትና ሙሉውን መስጠት ከማሽን በመላቀቅም ሆነ በሞት ልዩነት አላመጣም። ጥያቄሽ ከዚያ በኋላ ስላለው ይሁን። ፕሮቲኑን በየትኛው ክብደት ነው የሚያሰሉለት? ማደንዘዣው መቼ ይቀነሳል? ሲቀነስስ እጅና እግሩን የሚያንቀሳቅስለት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው አለ? ለ120 ኪሎ ሰው ማንሻ መሣሪያና ሁለት ሦስት ሰው ስለሚያስፈልግ «ነገ እናስቀምጠዋለን» እየተባለ የሚዘገየው እሱ ነውና ከአሁኑ አስታውሷቸው።

ከማሽን የወረድኩ፦
እኔ በዚሁ በሽታ አልፌያለሁ፤ ቀጭን ነበርኩ፣ ስወጣ ደግሞ አጥንቴ ቀርቶ ነበር። በ2003 የወጣ የካናዳ ጥናት ላይ የተረፉት ከጽኑ ክፍል ሲወጡ በአማካይ 18 በመቶ ክብደታቸውን አጥተው እንደነበር ሳነብ የራሴን መዝገብ ያነበብኩ መሰለኝ።

ለወንድምሽ የምለው፣ ሚዛን አያታልላችሁ። የኔ ኪሎ ቶሎ ነው የተመለሰው፤ ሁሉም «ዳንክ» አለኝ። ደረጃ መውጣት ግን አልቻልኩም ነበር፤ የተመለሰው ሆዴ ነበር እንጂ ጭኔ አልነበረም። ሲወጣ ኪሎውን ሳይሆን ከወንበር ስንት ጊዜ እንደሚነሣ ቁጠሩለት።

ታናሽ እህት፦
ነገ ጠዋት ስለ ፕሮቲኑና ስለ ማደንዘዣው እጠይቃለሁ። ለእናቴም ይህንን አነብላታለሁ።

ፊዚዮ፦
ጥሩ። ፕሮቲኑን በ120 ነው ወይስ በተስተካከለ ክብደት የሚያሰሉት፣ መልሱን እዚህ ጻፊልን፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይሠራም።